ሁለት ቀን በድንኳን፦ ከሁሉ በፊት ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቂ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የሚገኝ የገጠር ሴቶች የቁጠባ ማኅበር በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜና እሁድን የሚያቆይ መሰባሰብ ጠርቶናል። ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢው ወደ 60 ሴቶች እንሆናለን። የምናድረው በድንኳን ነው፤ መብራት የለም፤ ውሃ በጀሪካን ይመጣል፤ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው ተብለናል። በልጅነቴ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሸራ ሥር ካደርኩት በቀር ሜዳ ላይ አድሬ አላውቅም። የወር አበባዬ በዚያው ሳምንት ይመጣል። የ67 ዓመት አማቴ ደግሞ ካልሄድኩ ብለዋል፤ ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጅብና እባብ ያስፈራኛል። ልሂድ ወይስ ሰበብ ፈልጌ ልቅር?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ሂጂ። አማትሽም ይሂዱ፤ «ካልሄድኩ» ካሉ በኋላ እቤት ቢቀሩ የሚነሣው ግፊት ከጉዞው የባሰ ነው።

ሥራዬ የአካባቢ ጤና ነው። ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ሁሉ፣ ሠርግም ይሁን ንግሥ፣ ስልጠናም ይሁን መጠለያ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣና እዳሪው ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቅ እውላለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ጅቡንም እባቡንም አልፎ «ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው ተብለናል» የምትለው አጭር ሐረግ ላይ ነው ያረፈው። የምንነጋገረው በአብዛኛው ስለ እርሷ ነው። የሚያፍር አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይለፈን።

በእንዲህ ዓይነት መሰባሰብ ላይ ሴቶች ሲታመሙ ካየሁባቸው ምክንያቶች የሚበዛው አንድ ነው፦ ሽንት ቤቱን ፈርተው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ማንም አቁሙ አላላቸውም፤ እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩበትም፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ የምትደርስበት ውሳኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ይደርሳል። አንዷ ቀደም ብላ ሄዳ አይታ ትመለሳለች። በሩ የተቀደደ ማዳበሪያ ነው፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ይገለጣል፤ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ ውስጡ ዝንብ ነው። «እስከ ማታ እችላለሁ» ትላለች በሆዷ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ሲዞር «አሁን ጠጣሁ»፣ ውሃ ሲቀዳ «አልጠማኝም» ነው መልሷ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሷን ያማታል፤ በፀሐዩ ታሳብባለች። ሲመሽ ጨለማው ይጨመርበታል፤ ሽንቷን ይዛ ስትገላበጥ ታነጋለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በመመለሻው መኪና ላይ፣ ማቃጠል ይጀምራታል።

የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፤ ጀርም ከውጭ ወደ ፊኛ የሚጓዘው መንገድ ጥቂት ነው። ብዙ ውሃ የምትጠጣና ቶሎ ቶሎ የምትሸና ሴት ይህን መንገድ በየጊዜው ታጥበዋለች። ሳትጠጣ የዋለችና ሽንቷን የያዘች ሴት ግን ጀርሙን ተረጋግቶ እንዲራባ ታደርገዋለች። በዚህ ላይ የሆድ ድርቀት፣ የራስ ምታትና የድካም ስሜት አለ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሽንትሽ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተሻል፤ ደማቅ ሆኖ ሽታው ከጠነከረ አልጠጣሽም። ማቃጠሉ ከጀመረ ውሃ አብዝተሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ወይም የወገብ ሕመም ከተጨመረበት ግን ወደ ኩላሊት ሄዷልና ለነገ የሚባል አይደለም። ከመካከላችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ትንሹ ማቃጠል እንኳ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ስልክ ምቺና ጋባዦቻችሁን ጠይቂ። ስንት ጉድጓድ አለ? ለእንዲህ ያለ ስብስብ በሙያው የምንይዘው ልክ ለ20 ሰው አንድ ነው፤ ለ60 ሴት ሦስት ማለት ነው። ከመኝታው ከ50 ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፤ ሌሊት ማንም አትሄድበትምና። ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከውስጥ የሚዘጋ ነገር አለው? መወርወሪያ ባይኖር ገመድና ምስማር ይበቃል፤ ዋናው ነገር በሩን በአንድ እጅሽ ይዘሽ አለመቀመጥሽ ነው። ወለሉ ጠንካራ ነው ወይስ እንጨቱ በስብሷል? ይህችን አትዝለያት፤ ምስጥ የበላው ርብራብ ሰው ይዞ ይወርዳል። እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና በሩ ላይ ይኖራል? ለመታጠቢያ የሚሆን ማንቆርቆሪያስ ውስጥ ይቀመጣል? በሐረርጌ ከምትሰበሰቡት ሴቶች ብዙዎቹ ከሶፍት ይልቅ ውሃ ነው የሚጠቀሙት፤ ለውዱእም ውሃ ያስፈልጋል። ማንቆርቆሪያው ከሌለ የጎደለው ምቾት ብቻ አይደለም።

መልሱ «አንድ ጉድጓድ አለ፣ በሩ ትንሽ ተበላሽቷል» ከሆነ አትደንግጪ። ጊዜ አላችሁ። ለሁለት ቀን አገልግሎት ሜትር ተኩል ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ይበቃል፤ ሁለት ጎልማሶች በግማሽ ቀን ይቆፍሩታል። ከላይ ጠንካራ ርብራብ፣ ዙሪያውን ሸራ፣ በሩ ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ድንኳኖቹ ዞሮ ነገር ግን ከመንገድ የተከለለ። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ አመድና ትንሽ መዝገኛ ጣሳ ይቀመጥ፤ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ ጣሳ መበተን ዝንቡንም ሽታውንም ይቀንሳል። አመድ ደግሞ ገጠር ውስጥ አይጠፋም። ወጪውን ከከተማ የምትመጡት ብትችሉት ያምርባችኋል። ስብሰባው የሴቶች ቢሆንም ቁፋሮው የሴቶች ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ ባሎች በዚያ ሳምንት ዶማ ቢያነሡ ምንም አይሆኑም።

ኃላፊነቱን በስም ስጡ። በሐረር የአፎቻ፣ ማለትም እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበር፣ ሴቶች ሠርግና ሐዘን ሲያስተናግዱ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ግርግሩ ሥራ ይሆናል። እናንተም አንዷን በሽንት ቤቱ፣ አንዷን በውሃው ላይ ሹሙ። የሽንት ቤቷ ሹም በየሦስት ሰዓቱ አይታ ውሃውን የምትሞላ፣ አመዱን የምትጨምር፣ ማታ ደጃፉ ላይ ባትሪ አብርታ የምትሰቅል ናት። ቀልድ ይመስላል፤ እንዲህ የተደረገበትና ያልተደረገበት መሰባሰብ ግን እሁድ ጠዋት ከሴቶቹ ፊት ይለያል።

አሁን ወደ አማትሽ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጉድጓድ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ቢቀመጥም መነሣት አይችልም። መፍትሔው በየቤቱ አለ፦ መቀመጫው መካከል በክብ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር። እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ጠንካራ መሆኑን አይተሽ ጉድጓዱ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ጫፉ እንዳይቧጭር የተቆረጠውን ዙሪያ በጨርቅ ጠቅልይው። ለሌሊት ደግሞ ክዳን ያለው ፖፖ ድንኳኑ ውስጥ ይኑር። ለእርሳቸው ብቻ አላልኩም፤ አንቺም ብትጠቀሚበት ማንም አያይሽም።

የግፊት መድኃኒታቸውን ስም ተመልከቺ። ብዙ የግፊት ታማሚዎች እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይወስዳሉ፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ እናቶች ለማንም ሳይናገሩ መጀመሪያ የሚዘሉት እሱን ነው። «መንገድ ላይ እንዳያስቸግረኝ» ብለው። መዝለል የለም። መቼ ቢወስዱት እንደሚሻል የሚከታተላቸውን ሐኪም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት ስለሚታዘዝ ሌሊታቸውን አይረብሽም። የሁለት ቀን ጉዞ ቢሆንም የአራት ቀን ኪኒን ያዙ፤ መንገድ አይታወቅም። የኪኒኑን ማሸጊያም አትጣሉት፤ ድንገት ሐኪም ካስፈለገ የመድኃኒቱን ስም ከማስታወስ ማሸጊያውን ማሳየት ይቀላል።

የወር አበባሽን በተመለከተ፣ መቅረት የሚያስፈልገው ነገር የለም። ሞዴስ ከምትገምቺው እጥፍ ያዢ፤ የረሳች፣ ሳታስበው የመጣባት አንዲት ሴት አትጠፋም። በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ቀይሪ። ያገለገለውን ጉድጓድ ውስጥ አትጣዪ፤ አይበሰብስም፣ ዝናብ ሲመጣ ወይም ጉድጓዱ ሲጠረግ ወጥቶ ጋባዦችሽን ያሳፍራል። በጋዜጣ ጠቅልለሽ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስረሽ፣ ለብቻው በተዘጋጀ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ እሁድ ከመሄዳችሁ በፊት በአንድነት ይቃጠላል ወይም ይዛችሁት ትመለሳላችሁ። የሽንት ቤቷ ሹም ሥራ ይህንንም ይጨምራል። መታጠቢያሽ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ሽታ ያለው ሳሙና ወደ ውስጥ አይገባም። ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ። ጠቆር ያለ ሽርጥ መልበስ ደግሞ ከጭንቀት ይገላግላል። ቁርጠት ካለብሽና ጨጓራሽ ደኅና ከሆነ፣ ምግብ በልተሽ የምትወስጃት አይቡፕሮፌን ትበቃለች።

ስለ ውሃው ስናወራ ልብ የማይባል ነገር አለ። «ውሃ በጀሪካን ይመጣል» ተብለሻል። ማን ነው የሚያመጣው? ሒሳቡን እንሥራው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በሰው በቀን 15 ሊትር ቢያዝ፣ ለ60 ሴት 900 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 45 ማለት ነው። በቀን። አህያ ባይኖር ይህ የሚመጣው በጋባዦቻችሁ ልጆች ጀርባ ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ እናንተን ለመቀበል ሽር ጉድ ከማለታቸው በፊት፣ ሌሊት ተነሥተው። የከተማ እንግዳ ይህን አያይም፤ የሚያየው የሞላ ጀሪካን ተደርድሮ ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋና ከሐረር የምትሄዱት ገንዘብ አዋጡና አንድ የ1000 ሊትር ሮቶ በውሃ አስሞሉ፤ ወይም ከሐረር ቦቴ ተነጋገሩ። ካልሆነም የመጠጡን ብቻ እንኳ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሰው በቀን ሦስት ሊትር ተብሎ ለሁሉም ዘጠኝ ጀሪካን በቀን ይበቃል።

ጀሪካን ስትገዙም ሆነ ስትዋሱ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከነበረ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ሐረርጌ ጫት አብቃይ ነው፤ የመርጫ ኬሚካል የሚመጣባቸው ዕቃዎች በየጓሮው አሉ። የኬሚካል ዕቃ አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። ይህን ከማንም ጋር አልደራደርበትም። የታወቀ ምንጭ ያልሆነ ውሃ ደግሞ መታከም አለበት። ደፍርሶ ከሆነ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልዪው፤ ከዚያ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ማፍላት ከመረጣችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት ደቂቃ የሚባለው ከ2000 ሜትር በላይ ለሆነ ደጋ ነው፤ እናንተ የምትሄዱበት ከዚያ በታች ነው። የመጠጡ ጀሪካን ምልክት ይደረግበት፤ ማንም ኩባያውን ነክሮ አይቅዳበት፤ ይንቆርቆር።

ለማንኛውም ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ ሦስት አራት ፓኬት ያዢ። ካለቀ፣ በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሥራውን ይሠራል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ሴቶቹ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ዓርብ ማታ ድሬዳዋ የተሠራ የሥጋ ወጥ ተዘግቶ፣ በመኪና ተጉዞ ቅዳሜ ምሳ ላይ እንዲቀርብ ግን አትፍቀዱ፤ እዚያው ይብሰል። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ጉዳይም አስቀድሞ ይነገር፤ ሁለት ድስት ወይም ያለ ሥጋ በሽሮና በአትክልት ማለፍ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ቆሎ፣ በሶና የባቢሌ ለውዝ ለመክሰስ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው ወተቱ ነው። ጋባዥሽ በአክብሮት የላምም የግመልም ወተት ጥሬውን ልታቀርብልሽ ትችላለች፤ ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሰለ ለወራት የማይለቅ በሽታ ያመጣል። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። መውጫው ቁቲ ወይም ሆጃ፣ የሐረርጌው ከወተት ጋር የሚፈላ የቡና ቅጠል መጠጥ ነው። «አዴ፣ ወተቱን በቁቲ አድርጊልኝ» በያት፤ ከቡናው ቅጠል ጋር ይፈላል፤ እሷም ደስ ይላታል፤ አንቺም ትድኛለሽ። ሲፈላ ግን እይው፤ ወተቱ ከፈላ በኋላ ከላይ ጥሬውን ጠብ ማድረግ የሚወዱ አሉ።

ወደ መኝታው እንምጣ። የድሬዳዋ ሴት ብርድ አታውቅም፤ በዚህ አትቀየሚኝ፤ እኔም ድሬዳዋ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ግድም ነው፤ ሐረር ወደ 1900 ይጠጋል። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ጆሮሽ ይደነቁራል፤ አየሩም ይለወጣል። ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ ሲወረድ ቀኑ እንደገና ይሞቃል፤ በጥቅምት መጨረሻ ግን ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ሜዳ ላይ ይቀዘቅዛል። ስሱን ቀሚስሽን፣ ድሪያሽን፣ ለቀኑ ያዢ፤ ለሌሊቱ ሹራብ፣ ካልሲና ጋቢ ያስፈልጋሉ። ደግሞም ብርዱ የሚገባው በበላይሽ ሳይሆን በታችሽ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ መሬት ላይ የተኛች ሴት፣ አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ስፖንጅ ላይ ከተኛችው በላይ ትንቀጠቀጣለች። ከታች ሸራ፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከዚያ ስፖንጅ። ገለባ ከተነጠፈላችሁም ጥሩ ነው፤ ግን ቁንጫ አያጣውምና ከላዩ ሸራ ይደረግበት። የስፖንጁን ዋጋ እዚያው ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ተከራከሪ፤ ወፍራሙን አትፈልጊ፣ ተጠቅልሎ መኪና ላይ የሚጫነው ይሻላል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አማትሽ ግን ሁለት ይደረብላቸው፤ ከመሬት ከፍ ሲሉ መነሣቱም ይቀልላቸዋል።

ለመሞቅ ብላችሁ ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። አንዲት ሴት «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ብቻ ነው» ትላለች፤ ሁልጊዜ አንዷ ትላለች። ፍሙ ነው አደገኛው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ምድጃውም ውጭ ይደር።

ድንኳኑ የት ይተከላል የሚለውን ለወንዶቹ ብቻ አትተዉ። አሸዋማው የደረቅ ወንዝ ወለል ለጥ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ይማርካል። እዚያ አይታደርም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅና ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ጎርፉ የመጣው ላይ ደጋው ላይ ከዘነበው ነበር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ ቀርቷል አይባልም። ከፍ ያለ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ መሬት ምረጡ። በባቢሌ አካባቢ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ ሲታይ ያምራል፤ ፎቶ ተነሺ፣ ከሥሩ ግን አትተኚ።

ከጅቡ በፊት ትንኟን ፍሪ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው የወባ ጊዜ ነው፤ ሸለቆው ደግሞ ወባማ ከፍታ ላይ ነው። አጎበርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ባለው ገመድ ታስሮ ጠርዙ ከስፖንጁ ሥር ይጠቀጠቃል። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ካልሲ፣ በተጋለጠው ቆዳ ላይ መከላከያ ቅባት። ወባ የገጠር ነው የምትይ ከሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከተማ መካከል የተነሣውን ወረርሽኝ አስታውሺ፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በየቤቱ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው የምትራባው። የምትወስዱት ሮቶ ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ከተማ ውስጥ የለመድነውን ስጦታ አድርገን እንዳናመጣላቸው።

ጅብን በተመለከተ፣ ሐረር ውስጥ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላ እንስሳ ነው፤ የሚመጣው ለአጥንት ነው። ትርፍራፊውና አጥንቱ ከድንኳኑ ርቆ ይቀበር፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ማንም ውጭ አትተኛ፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን ብትሰሚ ድንኳንሽ ውስጥ ነሽ። ለእባብና ለጊንጥ ደግሞ ጫማ ሳታራግፊ አትልበሺ፤ እጅሽን ድንጋይ ሥርና እንጨት ክምር ውስጥ አታስገቢ፤ ሌሊት በነጠላ ጫማ አትሂጂ። የተነደፈ ሰው ቢኖር መቁረጥ፣ መምጠጥና ማሰር አያስፈልግም፤ ጎጂ ነው። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ የተነደፈው አካል እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ ይያዝና በቀጥታ ወደ ሐረር፣ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። የእባብ መርዝ ማርከሻ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ለዚህ ነው የመኪናው ሹፌር እዚያው ማደር ያለበት፤ ጥሏችሁ ሐረር ሄዶ የሚያድር ከሆነ ሌላ ሹፌር ፈልጉ። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀንም ስለ መንገዱ ሁኔታ ጋባዦቹን ጠይቁ፤ ጉዞው በሁለቱም ወገን በቀን ብርሃን ይሁን።

ከተመለስሽ በኋላ ትኩሳት ካየሽ የደም ምርመራ አድርጊ። ወባ ከተነከስሽ በኋላ ከሳምንት ቀድሞ አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል፤ ያን ጊዜ ጉዞውን ረስተሽዋል። ለሐኪሙ የት እንዳደርሽ ንገሪው። አማትሽ ላይም ዓይንሽን ጣይ፤ እርሳቸው «ድካም ነው» ብለው ይተኛሉ።

ምን ይዤ ልሂድ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ባዶ እጅሽን እንደማትሄጂ ግን አውቃለሁ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ሁሉም ያመጣል። አንቺ ሳሙና ውሰጂ፣ በካርቶን። የገዛችኋቸውን ጀሪካኖችም ባዶአቸውን ተሸክማችሁ አትመለሱ፤ ታጥበው ለጋባዦቹ ይቅሩ።